ኅዳር ሲታጠን የተኛ ነፍስ አብሮ አይቃጠል!

ከማኅበሩ ጸሐፊ



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ባለፈው ስብሰባ ከኅዳር ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ የጋራ ግቢያችንን ለማጽዳት ወስኗል። ጽዳቱን የሚቃወም የለም፣ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን በውሳኔው ላይ ከዕቃ ቤቱ በስተጀርባ የተከመረው ቅጠልና ጭራሮ እዚያው ባለበት ይቃጠላል የሚል ቃል አለ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። በእጄ የጻፍኩትን ዛሬ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እቃወማለሁ። ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ቢኖር ልክ ነው፣ ፈርቼ ነው። ለጃርት ብላ ተከራከረች እንዳልባል ፈርቼ ነው።

አሁን ግን ይባል። በዚያ ክምር ውስጥ በኅዳር ወር ጃርት ይተኛል። ሄጅሆግ የሚሉት የዚህ አገር ትንሹ ጃርት ማለቴ ነው።

በመጀመሪያ ስሙ ነው ያሳሳተን። ጃርት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአገር ቤቱ ነው። ድንች እየቆፈረ የሚበላው፣ በቆሎ የሚያወድመው፣ ገበሬ ሌሊት ሲጠብቀው የሚያድረው፣ እሾሁ ከስንዝር የሚበልጠው። ያኛው ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ትልቅ እንስሳ ነው። ይኸኛው ዘመዱም አይደለም። ቢሰባ ቢሰባ 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ እሾሁም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ድንች አይቆፍርም። የሚበላው ጢንዚዛ፣ አባጨጓሬ፣ ትልና ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። እናቶች ሆይ፣ የተከላችሁትን ጎመን ሌሊት ወንፊት የሚያደርገው ማን ሆነና! እሱን የሚለቅምልንን እንስሳ በመጥረጊያ የምናባርር እኛ ነን። ባልሠራው ወንጀል መክሰስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሁለተኛ፣ እሳት ሲነሳ ይሮጣል የምትሉ ተሳስታችኋል። የሱ እንቅልፍ እንደኛ እንቅልፍ አይደለም። ብርድ ሲገባ የሚበላው ነገር ስለሚጠፋ በመስከረምና በጥቅምት በልቶ ይሰባል፣ ከዚያ በደረቅ ቅጠል ተጠቅልሎ ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ይተኛል። ነቅቶ ሳለ በደቂቃ 190 ያህል የሚመታው ልቡ ወደ 20 ይወርዳል። ገላው እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹም አይታወቅም። ለመንቃት ሰዓታት ይፈጅበታል። ታዲያ እሳቱ ሰዓታት ይጠብቀዋል?

ሳይቃጠል ቢቀሰቀስም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የክረምቱ ስንቅ በቆዳው ሥር ያለው ስብ ብቻ ነው። በነቃ ቁጥር ገላውን የሚያሞቀው ያንኑ ስብ እየጨረሰ ነው። በራሱ ጊዜ አልፎ አልፎ መንቃቱ ያለ ነገር ነው፣ እኛ ስንጨምርበት ግን ስንቁ ከመጋቢት በፊት ያልቅበታል።

ሌላውን ከመተቸቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ጥር ቅጠል ስጠርግ አንዱን አገኘሁት። በረዶ ሆኖ ተጠቅልሏል። አሳዘነኝና በፎጣ ይዤው ገባሁ፣ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ዳቦ በወተት አቀረብኩለት። ማታ ላይ ነቅቶ ሲጠጣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እኔም ጽድቅ የሠራሁ መሰለኝ። በማግስቱ ሆዱ ተበላሸ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ ብዬ ውርጭ ላይ አውጥቼ ለቀቅኩት። ከሳምንት በኋላ አጥሩ ሥር ሞቶ ተገኘ። ቆይቼ ስጠይቅ ነው የተረዳሁት። ወተት ሆዱ አይፈጭለትም፣ ዳቦም አይሆነውም። መጀመሪያውኑ ምንም አልሆነም ነበር፣ ተኝቶ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ሳይታመም አሳመምኩት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሚያቃጥሉት ብቻ ሳይሆን እንደኔ ለሚያዝኑትም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። አንዳንዶች የቅጠል ክምር አይጥ ያመጣል ትላላችሁ። አይጥን የሚጠራው ምግብ ነው። ክዳኑ ሳይዘጋ የሚታደረው የቆሻሻ በርሜልና በመስኮት የሚደፋው ትራፊ እያለ ደረቅ ቅጠል መክሰስ አያምርብንም። ሌሎች ደግሞ ለሰው ያልተረፈ ደግነት ለጃርት ይተርፋል ወይ ትላላችሁ። እኔ መዋጮ አልጠየቅሁም። ጉልበትም አልጠየቅሁም። አንድ ነገር እንድንተው ብቻ ነው የጠየቅሁት። መተው ምን ያስከፍላል? ይህ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የብሪታንያ አጥቢ እንስሳት መዝገብ ላይ ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል ተቆጥሯል። አንድም ቢሆን ይቆጠራል።

ኅዳር ሲታጠን ያባቶቻችን ልማድ ነው የሚለውን አከብራለሁ። እኔም ከእናቴ ጋር ጠርጌ አጥኜ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ልማዱ ለምን እንደመጣ እናስብ። በ1911 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1918 መሆኑ ነው፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲፈጅ ነው ቆሻሻ ተጠርጎ የተቃጠለው። ነፍስ ለማዳን ማለት ነው። ነፍስ ለማዳን የመጣ ልማድ ለንደን ደርሶ የተኛ ነፍስ ማቃጠያ ይሁን? የአገሩ ሰዎችም ኖቬምበር 5 እንደ ደመራ ያለ እሳት ሲያነዱ፣ ከመለኮሳችሁ በፊት ክምሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩ እየተባሉ በየዓመቱ የሚነገራቸው በዚሁ እንስሳ ምክንያት ነው። ማጠን ከፈለግን ደግሞ ዕጣን አለን።

በመሆኑም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን አቀርባለሁ፤

1ኛ/ በጽዳቱ ቀን ፕላስቲክ፣ ጠርሙስና ትራፊ ይለቀም፣ ቦይ ይጠረግ፣ በርሜል ይታጠብ። ከዕቃ ቤቱ ኋላ ያለው ክምር ግን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አይነካ። እሳት የግድ ነው ከተባለ በዕለቱ የተሰበሰበው ብቻ ባዶ ቦታ ላይ ይነድ።

2ኛ/ ሳያውቅ ጎጆውን የገለጠ ሰው ወዲያው ቅጠሉን ይመልስበት፣ ደረቅ ቅጠል ይጨምርበት፣ ትቶት ይሂድ። ምናልባት ቢነቃ ብሎ በአጠገቡ ውሃና ጥቂት የድመት የሥጋ ምግብ ማስቀመጥ ይቻላል። ወተት በፍጹም!

3ኛ/ በክረምት በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ወይም እየተንገዳገደ ከታየ ግን ያ የታመመ ወይም የተራበ ነው። እሱን መተው አይገባም። በወፍራም ጓንት ይነሳ፣ ግድግዳው ከፍ ባለ ካርቶን ውስጥ ከፎጣ ጋር ይቀመጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ይደረግለት፣ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለዱር እንስሳት ማገገሚያ ይደወል። ከ1982 ጀምሮ ለዚህ እንስሳ ብቻ የቆመ ማኅበር እንኳ በዚህ አገር አለ፣ የሚጠየቅ አይጠፋም።

4ኛ/ ለቀንድ አውጣ ተብሎ የሚበተነው ሜታልዴሃይድ የተባለው መርዝ ከ2022 ወዲህ ውጭ መጠቀም ተከልክሏል። በየጓዳው የቀረ አሮጌ ካለ አይበተን፣ ለመንግሥት ማስወገጃ ይሰጥ።

5ኛ/ በጋራው አጥር ሥር 13 በ13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይከፈት። እንስሳው ሌሊት ከግቢ ግቢ እየዞረ ነው የሚበላው፣ አጥሩ ከተዘጋበት ይራባል።

የሚቃወመኝ ካለ ከዚህ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ይጻፍ፣ ወይም በስብሰባው ፊት ለፊት ይናገር። እኔም አሁን አልፈራም፣ እመልሳለሁ። እስከዚያው ግን ክብሪት ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ኋላ የሚሄድ አይኑር!

ግቢያችን ይጽዳ! የተኛው ይተኛ!