ወታደር ሱቅ ከሌለው ሱቁ የእናቴ ጎተራ ነው

«ለወታደር የቅናሽ ሱቅ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ወዳጆቼ፣ የደባርቅ ልጅ ነኝና እኔ ልመልስላችሁ። ድሮ ሱቁ የገበሬው ጎተራ ነበር። ዘመቻ ባለፈ ቁጥር ወታደሩ በየቤቱ ተመርቶ ይበላል፤ ባላገሩ ለዘር ያስቀመጣት ሳትቀር ታልቃለች። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነግሠው ዝርፊያን ሊያስቀሩ፣ ለወታደሩም ደመወዝ ሊከፍሉ ሞከሩ፤ አልዘለቀላቸውም።

አሜሪካኖች በእኛ 1887 ዓ.ም. በየጦር ሰፈራቸው ሱቅ እንዲከፈት አዘዙ፤ ኋላ አስመራ ቃኘው ሰፈራቸው ድረስ ይዘውት መጡ። የእኛው ወታደር ግን በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ያመፀው በተበላሸ ምግብና በውሃ እጦት ነው። በመስከረም 1967 ዘውዱ ወደቀ።

እና ምን ትላላችሁ? በጓሮ በር የሚወጣውን ዘይትና ስኳር ተቃወሙ፣ አብሬያችሁ እጮኻለሁ። ሱቁን ግን ተዉት። የወታደር ሚስት በገንዘቧ ከገዛች፣ የእናቴ ገብስ ጎተራው ውስጥ ያድራል።