የሊማሊሞ ዳገትና የናፍጣ ጢስ

ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ ያየ ሰው ሁሉ የመንገዱን ጠመዝማዛነትና የገደሉን ጥልቀት እያደነቀ ይናገራል። ይህ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተጠረገ ጀምሮ ጎንደርንና ትግራይን እያገናኘ እህሉንም ሸቀጡንም ሲያመላልስ ኖሯል፤ ጥቅሙም የማይካድ ነው። ነገር ግን ጭነት የከበደው አሮጌ ካሚዮን ዳገቱን ሲወጣ የሚተፋውን ጥቁር ጢስ ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው።

የጢሱ ምክንያት የታወቀ ነው። አገሩ ደጋ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም በዳገት ላይ ብዙ ናፍጣ ይጠጣል፤ ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ያረጀ እንደ ሆነ በሙሉ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ጢስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ መግቢያው ግን በመንገድ ዳር የሚሄደው የተማሪውና የእረኛው ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም የናፍጣ ሞተር ጢስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን በ2004 ዓ.ም. አስታውቋል።

መንግሥታችን በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ የነበረውን ቀረጥና ታክስ ማቅለሉ፣ በ2016 ዓ.ም.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም የቀረጥ ምሕረት የሚጠቅመው አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ያለውን ነው እንጂ፣ በአሮጌ ካሚዮን ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረውን የአዲ አርቃይን ሰው አይደለም። አገሩ በጦርነት ተጎድቷል፤ ይህን ሰው ካሚዮንህን አቁም ብንለው ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፤ በገበያውም ዋጋ ይወደዳል። ዝም ብንለው ደግሞ ጢሱ ይቀጥላል።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ መፈለግ ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት አሮጌ የናፍጣ ሞተር ለሚለውጡና ለሚያድሱ የገንዘብ ርዳታ ሲሰጥ ቆይቷል። ለመለወጫ የሚሰጠው ርዳታ የዋጋውን ከፊል ስለሚሸፍን የቀረውን ባለቤቱ ይከፍላል፤ የተለወጠውም ሞተር ወደ ሌላ ቦታ ተሸጦ ዳግመኛ እንዳይጤስ ብረቱ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይደረጋል።

ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ መንግሥት ለብዙ ዘመን ነዳጅን ሲደጉም መኖሩን ያስታውስ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ያን ድጎማ ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎችን ለይቶ ደግፎ ነበርና፣ ለሚገባው ለይቶ መርዳት እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው። ነገር ግን ያ ገንዘብ ናፍጣ ለማቃጠል የተከፈለ ነበር፤ አሁን የምንጠይቀው ከእርሱ ያነሰው ጢሱን ለማጥፋት እንዲከፈል ነው። አስቀድሞም እንደ ሊማሊሞ ባሉ ዳገቶች ከሚመላለሱት መካከል በዓመታዊው ምርመራ ጢሳቸው የበዛ ሆኖ የተገኙት ይመረጡ፤ ፖምፓው ታድሶ የሚድነው ይታደስ፤ የማይድነው ይለወጥ።

ሹማምንት ነገሩን በበጀት ያስቡበት። ካህናትም ሞተርን በጊዜው ማሳደስ ባልንጀራን ከመውደድ የሚቈጠር መሆኑን ለባለ መኪናው ያስተምሩ። የሊማሊሞ አየር መንገዱ ሳይጠረግ ንጹሕ ነበር፤ ከብናስብበትም መንገዱ ሳይዘጋ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።