ወንድምሽ «ሞተር ግዢልኝ» ሲልሽ፦ ብሩን ከመላክሽ በፊት

ማታ ሥራ ጨርሰሽ ክፍልሽ ስትገቢና ስልክሽን ስትከፍቺ ኢሞ ላይ የድምፅ መልእክት ይጠብቅሻል። ወንድምሽ ነው። «እህቴ፣ እዚህ ሥራ የለም። ሞተር ብትገዢልኝ ግን ራሴን እችላለሁ፤ እማዬንም እጦራለሁ፤ አንቺም ታርፊያለሽ» ይላል። ከመልእክቱ ሥር የቀይ ቦክሰር ፎቶ አለ። ዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምንሠራ ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን። ልካ ወንድሟ ዛሬ ትዳር የያዘላት አለች። ልካ ከጥቂት ወር በኋላ ለሆስፒታል ድጋሚ የላከችም አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ተማረ፣ ማን አስተማረው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሳዑዲ ሪያልና የኤምሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰሩ ስለሆኑ አብረው ወጡ። ድሮ 1,000 ሪያል ስትላክ 15 ሺህ ብር ገደማ ትሆን ነበር፤ ዶላሩ 100 ሲገባ 26 ሺህ አለፈች። ቤተሰብም «እህታችን አሁን ብዙ ታገኛለች» አለ። አንቺ ግን የምትሠሪው ያንኑ ሰዓት፣ የምታገኚውም ያንኑ 1,000 ሪያል ነው። ሞተሩም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ጎማውም መለዋወጫውም በዶላር የሚገዛ ነው። በዚያ ላይ የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲነሳ ቆይቷል። ስለዚህ ወንድምሽ ዋጋ ሲነግርሽ በብር አትስሚው። «ይህ የስንት ወር ደሞዜ ነው?» ብለሽ ቁጠሪ። ከዚያ በላዩ የመንጃ ፈቃዱን፣ የመድኑን፣ የሄልሜቱንና የመጀመሪያ ወር ነዳጁን ጨምሪ። ፎቶው ላይ የተጻፈው ዋጋ እነዚህን አንዱንም አይጨምርም።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። በደቡብ ብዙ ከተሞችና ገጠሮች ሞተር ሰውም ዕቃም የሚጭን የዕለት እንጀራ ነው። አዲስ አበባ ግን ሌላ ናት። የከተማው አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከልክሎ ነበር፤ የተፈቀደው ልዩ ፈቃድ ላላቸው ነው። ወንድምሽ አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ የሚኖር ከሆነ፣ መጀመሪያ ራሱ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ «እኔ በዚህ ሥራ ፈቃድ አገኛለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ወይም በፎቶ ይላክልሽ። «ችግር የለውም፣ ሁሉም ይነዳል» የሚለው መልስ አይበቃም። ሞተሩ ሲያዝ «ሁሉም» አብሮ ጣቢያ አይሄድም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተርም ወሬው በዝቷል። ለነዳጅ ሰልፍ መቆም ማስቀረቱ እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር ጠይቂ። ቤታችሁ መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? ባትሪው ሲደክም አዲሱ ስንት ነው፣ የት ይገኛል? ባትሪው ከሞተሩ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ሞተር በርካሽ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ባትሪው ስለደከመ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ይህን ክፍል በድምፅ አንብበሽ ብትልኪለት ደስ ይለናል።

ፕሮፌሰር ሃሪ ኸርት የሚባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ከነቦታቸው መርምረው በፈረንጆቹ 1981 ያወጡት ጥናት አለ። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች ከመቶ 92ቱ በራሳቸው የለመዱ ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡትም አደጋው በደረሰበት ሞተር ላይ ከአምስት ወር ያነሰ ልምድ ነበራቸው። ጥናቱ የቆየ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው። ግን የእኛንም ሰፈር ልጆች ብታስቢያቸው ነገሩ እንግዳ አይሆንብሽም። ልጁ ሞተሩን ይገዛል፣ ጓደኛው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያሳየዋል፣ ሰኞ ሰው ጭኖ አስፋልት ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት ይማር? ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይጀምር። እየገፋ ይዞት ይዙር፤ ክብደቱን፣ ሲያዘነብል የት ላይ ሆኖ እንደሚያመልጠው ሰውነቱ ይወቅ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ አንደኛ ማርሽ ያስገባና ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ሞተሩ መሳብ የሚጀምርባት ነጥብ አለች፤ ያቺን ነጥብ እጁ እስኪያውቃት ድረስ መቶ ጊዜም ቢሆን ይደጋግም። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይለቀዋል፣ ሞተሩ ወደ ፊት ይዘላል፣ ሰውነቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የቀኝ እጁ ደግሞ ሳያስበው ነዳጁን የበለጠ ይጠመዝዛል። ውጤቱ ግድግዳ ነው። የደነገጠ ሰው መጀመሪያ መጨበጥ ያለበት ፍሪሲዮኑን ነው፤ ፍሪሲዮን ከተያዘ ሞተሩ ቢጮህም አይሄድም። ኤሌክትሪኩ ላይ ፍሪሲዮን የለም፤ እዚያ ላይ የቀኝ እጁን መልቀቅ መልመድ አለበት። ድምፅ ስለሌለውም ቆሞ ሳለ «ጠፍቷል» ብሎ እጀታውን የሚነካ አለ፤ ሞተሩ ጥሎት ይሄዳል።

ፍሬን ሌላው ነው። አገራችን ውስጥ «የፊቱን ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል» የሚል ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ ከማቆም ኃይሉ ከግማሽ የሚበልጠው ያለው ፊት ላይ ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ቶሎ አይቆምም። የሚገለብጠው የፊቱን በድንገት መጨበጥ ወይም መሪው ዞሮ ሳለ መያዝ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱም ፍሬን አንድ ላይ፣ የፊቱ ቀስ እያለ እየጠበቀ የሚሄድ፤ እንደዚህ ይለማመድ። ኮሮኮንችና አሸዋ ላይ የፊቱን በጣም በስሱ ይያዝ፣ ከሁሉ በፊት ግን ፍጥነቱን ቀድሞ ይቀንስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሕፃን ልጅ ወደ መንገድ ሲገባ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው።

ዓይኑ የት እንደሚያይ ይጠንቀቅ፤ ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ጉድጓዱን ትኩር ብሎ ያየ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ማለፊያውን ይይ።

ከመኪና ጋር ሲገናኝ ደግሞ «አይቶኛል» ብሎ እንዳያስብ። ያው የኸርት ጥናት ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የነሳው የመኪናው ሹፌር እንደነበር አግኝቷል። ፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሞተሩን አላየውም፣ ወይም ገና ሩቅ ነው ብሎ ገምቷል። መስቀለኛ መንገድ ላይ መብራት አብርቶ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ ጣቱን ፍሬን ላይ አድርጎ ይለፍ። መብት የእሱ ነው፤ እግሩም ግን የእሱ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወር ሰው አይጫን፣ ማታ አይንዳ፣ ዝናብ ሲጀምር ዳር ይዞ ይቁም። አቧራና ዘይት የጠጣ አስፋልት በጣም የሚያንሸራትተው ዝናቡ እንደጀመረ ባሉት ደቂቃዎች ነው። በነጠላ ጫማም አይንዳ። እዚህ ላይ ቤተሰብ ይቆጣል፤ «ሞተሩ ተገዝቶ ሁለት ወር ያለ ሥራ ይቁም ወይ?» ይላሉ። በእኛ እምነት አዎ፣ ገቢው ይዘግይ። ተሳፋሪ ሲጫን ሞተሩ ከባድ ይሆናል፣ ፍሬኑ ይረዝማል፣ መታጠፊያው ይለወጣል፤ አሁን የለመደው ሁሉ እንደገና ሊለመድ ነው። ከወደቀ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ አብሮ ይወድቃል።

መንጃ ፈቃድን በተመለከተ ግልጽ እንናገር። «ብር ከተከፈለ ሳይማር ይወጣል» የሚል ደላላ አይጠፋም። ያ ወረቀት ትራፊክ ፊት ያገለግል ይሆናል፣ ኮሮኮንች ላይ ግን አይጠቅምም። ስለዚህ ገንዘቡን በአንዴ አትላኪ። ለወንድም «እምቢ» ማለት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፣ በተለይ እናት ከጎኑ ቆማ ስትሰማ። እንዲህ ብትይው ይቀላል፦ «ወንድሜ፣ አልከለከልኩህም። መጀመሪያ የማሠልጠኛውን ልክፈልልህ፤ ፈቃድህን ይዘህ በቪዲዮ አሳየኝ፣ ከዚያ ስለ ሞተሩ እንነጋገራለን።» ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅ ሞተሩን በትዕግሥት ይይዘዋል ብለሽ አትጠብቂ። ለሌላ ነገር ፈልጎት ከነበረም እዚህ ላይ ይታወቃል።

ግዢው ላይ ሲደረስ ሊብሬ፣ ታርጋና ቦሎ የሌለውን ሞተር በምንም ዋጋ አትንኪ። አዲስ ከሆነ ቀረጥ የተከፈለበት ዲክላራሲዮን መኖሩን ይጠይቅ። ጠረፍ አካባቢ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የኮንትሮባንድ ነው፤ ከተያዘ የአንቺ የዓመት ልፋት ይወረሳል። ሊብሬው በአንቺ ስም እንዲሆን ከፈለግሽ ለምታምኚው ሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና መስጠት ትችያለሽ። ግን አስቢበት፤ ባለንብረት መሆን አደጋ ሲደርስ ተጠያቂነትንም ያመጣል። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። ይህ መድን የሚሸፍነው ሞተሩ የጎዳውን ሌላ ሰው ነው፤ ወንድምሽ ራሱ እግሩ ቢሰበር ወይም ሞተሩ ቢሰረቅ አይከፍልም። ለዚያ ተጨማሪ መድን መግባት ያስፈልጋል።

«እኔስ ራሴ ብነዳ?» የምትሉ እህቶችም አላችሁ። ሳዑዲ ሴቶች እንዲነዱ የፈቀደችው በፈረንጆቹ ሰኔ 24 ቀን 2018 ሲሆን ፈቃዱ ሞተርንም ይጨምራል። ግን መንገዱ ላይ ሳጥን ጭነው የምታዩዋቸው ምግብ አድራሾች ሌላ ቪዛ ያላቸው ናቸው። የቤት ሠራተኛ ቪዛ ይዛችሁ ከከፊላችሁ ውጭ ለድርጅት ብትሠሩ ሕገወጥ ሥራ ነው፤ ብትያዙ እስርና ወደ አገር መመለስ አለው፣ ብትወድቁም ሆስፒታል ላይ ጥያቄው የሚጀምረው ከኢቃማ ነው። ሥራውም ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ዱባይ ውስጥ በፈረንጆቹ ግንቦት 2022 አድራሾች ሥራ ያቆሙት አንድ ድርጅት ለአንድ ትእዛዝ የሚከፍለውን ከ10.25 ወደ 8.75 ድርሃም ሊቀንስ በማለቱ ነበር። በትእዛዝ ብዛት የሚከፈለው ሰው ይሮጣል፤ የሚሮጥ ሰው ይወድቃል። አገር ቤት ስትመለሱ ግን ተምራችሁ መንዳት መብታችሁ ነው፤ ከላይ ለወንድምሽ የጻፍነው ሁሉ ላንቺም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከዚሁ ልትልኪለት ትችያለሽ፤ ሄልሜት። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ እንዳሳየው ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን፣ «ኢሲኢ» ወይም «ዶት» የሚል የደረጃ ምልክት ያለበትን ምረጪ። ያገለገለ አትግዢ፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ልኩን ለማወቅ በቪዲዮ ደውዪለትና የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድቡ ትንሽ ከፍ አድርጎ በጭንቅላቱ ዙሪያ ይለካ፤ በሴንቲ ሜትር ያነበበውን ጻፊ። ሲደርሰው ማሰሪያውን አስሮ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። ሄልሜቱ ለብቻው የሚዞር ከሆነ ሰፍቶታል፣ ለትልቅ ወንድሙ ይስጠውና ሌላ ይፈለግለት።