የንስሐን ዕድሜ የሚቀማ ፍርድ

በፍርድ ስም ነፍስ ማጥፋትን አወግዛለሁ። የማወግዘው ሕጉን ያጸደቀውን፣ ፊርማውን ያኖረውን፣ ገመዱን የሳበውን ብቻ አይደለም፤ መስቀል ጨብጦ «ይበለው» ያለውንም ጭምር ነው። «ውጉዝ ከመ አርዮስ» ለማለት ሥልጣነ ክህነት የለኝም፤ ተራ ምእመን ነኝ። ይሁን እንጂ ምእመንም ዝም ብሎ ባሳለፈው ደም ይጠየቃል።

ገዳይ ያሳዝነኛል ብዬ አላስመስልም። ልጇን ቀብራ በተመለሰች እናት ፊት እንዲህ ማለት ነውር ነው። የእኔ ሙግት ስለ ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን የንስሐ በር እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ አይዘጋም ብላ ታስተምራለች። ያ ጊዜ የሰጪው ነው፤ የዐቃቤ ሕግም የዳኛም አይደለም። ቃየል አቤልን በሜዳ ሲገድል የፈረደበት በማስረጃ የማይሳሳተው፣ ይግባኝ የማያሻው እግዚአብሔር ራሱ ነበር። እርሱ እንኳ ቀጣው እንጂ አልገደለውም፤ ይልቁንም ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት። ሊሳሳት የሚችል ሰው ከዚህ አልፎ የሚሄደው በማን ሥልጣን ነው?

«በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴስ የተጸጸተው ሞት ተፈርዶበት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አዎን፤ ግን የሮም ወታደሮች ንስሐ ይግባ ብለው አልሰቀሉትም። አጠገቡ ማንን እንደ ሰቀሉም አላወቁም። ገነት ያስገባው ምሕረት እንጂ ችንካሩ አይደለም።

በአገራችንም ያለ ፍርድ የተገደሉ አሉ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን፣ ከብዙ ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ጋር ረሸነ። የባለሥልጣናቱን ጉዳይ ያጣራ የነበረው መርማሪ ኮሚሽን ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር፤ ችሎትም አልተሰየመም። አገር የሰማው ከሬዲዮ ነው፤ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተባለ። ሬሳቸው በእስር ቤት ግቢ በአንድ ጉድጓድ ተጣለ፤ ዐፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ይህስ ግድያ እንጂ ፍርድ አይደለም ይባል ይሆናል። እንግዲያው ችሎት የነበረበትን ላንሣ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ መሳፍንትና ሚኒስትሮች ተረሽነዋልና ደም ነበረባቸው። ሞቱን በምሕረት የመለወጥ ሥልጣን ሥዩመ እግዚአብሔር በሚባሉት ንጉሥ እጅ ነበር፤ አልለወጡትም። መጋቢት 1953 ዓ.ም. ጄኔራሉ በአደባባይ ተሰቀሉ። ሕዝቡ ከዚያ ገመድ ምን ተማረ? መግደል የመንግሥት ሥራ መሆኑን። ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላ ተራው የንጉሡ ሹማምንት ሆነ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ባለሥልጣን ሰይፍ መናገሩን አልክድም። ፍትሐ ነገሥታችንም የሞት ቅጣትን ያውቃል። ጳውሎስን ግን ያው የሮም ሰይፍ አንገቱን ቀላው፤ ሐምሌ 5 የምናከብረው ያን ሞት ነው። አቡነ ጴጥሮስን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ያስረሸነው የጣልያን ጦርም አስቀድሞ ችሎት ተቀምጦ ፈርዶባቸዋል። በየዓመቱ የሰማዕታትን በዓል እያከበሩ የገዳዮቻቸውን ሥርዓት መባረክ ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው?

አባቶቻችን ከዚህ የተሻለ ያውቁ ነበር። በገጠሩ ደም ሲፈስ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በደመኞቹ ፊት ይወድቃል፤ ካህኑ መስቀሉን ይዞ በመካከል ይቆማል፤ የደም ካሳ ይቆረጣል። በእስልምናም ቁርአን ቂሷስን፣ ማለትም ነፍስ በነፍስ መበቀልን፣ ቢፈቅድም ይቅር ያለን የሟች ቤተሰብ ያወድሳል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት መሪዎች ከለመኑ በኋላ ሞት የተፈረደባቸው 23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ልጆቻቸውን በቀይ ሽብር የቀበሩ ቅር ቢሰኙ አልፈርድባቸውም፤ ልመናው አስቀድሞ ወደ እነሱ ደጅ መሄድ ነበረበት። ነገር ግን ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና ቄስ ጉዲና ቱምሳን በምስጢር በገደለ ሥርዓት ሹማምንት ላይ እንኳ ገመድ አለመጎተቱ ትክክል ነበር።

ሕጉ ግን አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 15 በሕይወት የመኖር መብትን ደንግጎ በዚያው አንቀጽ ለሞት ቅጣት በር ይከፍታል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 ደግሞ አፈጻጸሙን ይዘረዝራል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቅጣቱ ተፈጸመ ባይባልም፣ ፍርዱ ይሰጣል፤ የተፈረደበትም አንዲት ፊርማ እየጠበቀ ያድራል።

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ ይህን ቅጣት ከሕጋችን ሰርዙ። ወንጀለኛውን እሰሩ፣ የተበደለውን ካሱ፤ የንስሐውን ዕድሜ ግን ለባለቤቱ ተዉ። አባቶቻችን ሆይ፣ እናንተም ይህን በዐውደ ምሕረት ላይ ተናገሩ፤ ቀጣዩ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት።