አሮጌ ጊታር ቀለም አይቀባም

አሮጌ ጊታር ያገኘ ጓደኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ለምን ወደ ቀለም እንደሆነ አይገባኝም። የብርጭቆ ወረቀት ይገዛል፣ ይፍቃል፣ ጥቁር ስፕሬይ ይነፋበታል፤ ከዚያ «አደስኩት» ይላል። እኔ ይኼ እድሳት አይደለም ባይ ነኝ። የጊታር ደረት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ጣውላ ነው። ድምፅ የሚወጣው እሱ ሲንቀጠቀጥ ነው። ወፍራም ቀለም ሲጫንበት ይታፈናል፣ ከመጠን በላይ ሲፋቅም ይሳሳል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከእንጨትም ያልፋል። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ ማሪቱ ለገሠ የዘፈነችበት የወሎ ላሊበላ ኪነትም የዚያው ዘመን ነው። አጎቴ ደሴ ውስጥ በአንዱ የቀበሌ ኪነት ጊታር ይጫወት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ስንት ቤት ሲዘረፍ፣ የእሱ ጊታር አልጋ ሥር የተረፈው ብሪጁ ተነቅሎ ስለነበር ነው። ማንም አልፈለገውም።

ብሪጁ የተነቀለው በክር ምክንያት ነው። ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ታስሮበት ነበር። ስድስት የናይለን ክሮች አንድ ላይ የሚስቡት ወደ 40 ኪሎ ነው፤ የብረቶቹ ግን ወደ 70 ይደርሳል። ታዲያ ምን ይችለዋል? እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ሱፐር ግሉ ያንጠባጥብበታል። ይይዛል እኮ፤ ግን ነገ ሌላ ሰው ልክፈተው ቢል ጣውላውን ይዞ ይነሳል። የአናጢ ኮላ በሞቀ ቢላ ይለሰልሳል። የድሮው ኮላ ተፍቆ፣ አዲሱ ተቀብቶ፣ በሞርሳ ቀስ ተብሎ ተይዞ አንድ ሌሊት ቢያድር ይበቃል።

ቦታው ግን በዓይን ግምት አይሆንም። ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት፣ ከዚያ ክሩ ብሪጁ ላይ እስከሚያርፍበት ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ለታችኛው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጨመርለታል። ይኼ ከተዛባ ጊታሩ አምባሰል አይጫወትም። አምባሰል ገና ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራመድ ቅኝት ነው፤ በትዝታ የሚታለፍ ስሕተት እዚያ ላይ ይጋለጣል። (ስሙን የሰጠው አገር ከደሴ በስተሰሜን እዚሁ ጎረቤት ነው፣ እኛ ካላወቅነው ማን ሊያውቀው ነው?)

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱ ወደ 600 ሜትር ያወርዳል። የደሴን ክረምት እርጥበት የጠጣ ጊታር ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲከርም ይኮማተራል፣ ደረቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በግድ ከመጭመቅ፣ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ ላስቲክ አድርጎ ከጊታሩ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ለጥቂት ቀናት መዝጋት ይሻላል። እንጨቱ ራሱ መልሶ ያብጥና ስንጥቁ ይጠባል።

«ለዚህ ሁሉ ድካም አዲስ የቻይና ጊታር አትገዛም?» የሚለኝ አለ። ይግዛ፣ ለመማር ጥሩ ነው። የአጎቴ ጊታር አንገት ጀርባ ላይ ግን አውራ ጣቱ የበላው ቦታ አለ። ቫርኒሹ ሄዶ እንጨቱ ወጥቷል። እሱን አልነካሁትም። 6ኛው ክር አሁንም 3ኛው ፍሬት ላይ ዝዝ ይላል፤ ፍሬት መቀየር በቤት የሚሞከር ሥራ ስላልሆነ እሱ እስከ ክረምት ይቆየኛል።