ከቆረቆንዳው በፊት ኢንዛይሙ



ከጅጋና ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው ገጠር የበቆሎ አገር ነው። በቆሎው ተፈልፍሎ የሚቀረው ቆረቆንዳ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፣ ወይም ደጅ ተከምሮ ይቀራል። በውስጡ ያለው ሴሉሎስ ግን ቢሰባበር ስኳር፣ ስኳሩም ቢብላላ ኢታኖል የሚባል ነዳጅ ይሆናል።

ኢታኖል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። የተገኘው ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ ነው። የሞላሰስ ስኳር ለእርሾ የተዘጋጀ ነው፤ የቆረቆንዳውን ስኳር ግን መጀመሪያ የሚፈታ ኢንዛይም ያስፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኢንዛይም በልኩ የተጣጠፈ ፕሮቲን ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ቅርጹ ይበላሻል፣ ሥራውም ያበቃል። የተለመዱት ሴሉሎስ ሰባሪዎች 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይመቻቸዋል። ቆረቆንዳውን አስቀድሞ ለማላላት ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ፣ ለቀናት መጠበቅ፣ የደከመውን ኢንዛይም መተካት ይመጣል፤ ሁሉም ወጪ ነው።

መፍትሔው ተአምር አይደለም። የፕሮቲኑን ሰንሰለት በሰልፈር ድልድይ ማጠንከር ወይም ጂኑን እየለዋወጡ ሙቀት የቻለውን መምረጥ ይቻላል። ፍራንሲስ አርኖልድ በ2018 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት በዚህ የመምረጥ ዘዴ ነው። በፍል ውሃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ሙቀት የለመደ ኢንዛይም አላቸው፤ እኛ ደግሞ ከአፋር እስከ ሻላ ሐይቅ ዳር ፍል ውሃ ሞልቶናል።

«ኢታኖል አልኮል አይደል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ኸምር መጠጣት ሐራም መሆኑ አያከራክርም፤ ይህኛው ግን ለሞተር የሚቃጠል ነው። ስለ አልኮል ነጃሳነት ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

እኔ የምለው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የኬሚካል ምህንድስናና የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች ከፋብሪካው ንድፍ በፊት ኢንዛይሙን ያዙ። አገዳውን ግን ለከብቱና ለአፈሩ ተዉለት፤ ገበሬውን መኖ አሳጥቶ የሚገኝ ነዳጅ ትርፍ አይባልም። ቆረቆንዳውንም ቢሆን ለምድጃው የሚተካ ሳናቀርብ አንውሰድበት።

መድረሳ ስንቀራ ፈርድ ኪፋያን ተምረናል፤ ሰው የሚያስፈልገውን ዕውቀት ማንም ካልያዘው ተጠያቂነቱ የሁላችን ነው። ይህም ከዚያ የሚቆጠር ይመስለኛል። ወላሁ አዕለም።