የስደት ልቦለድ ለሚጠይቁኝ

ስለ ስደት የተጻፈ ልቦለድ ጠቁመኝ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ የዲናው መንግሥቱ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ»። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር «ችልድረን ኦፍ ዘ ሪቮሉሽን» ተብሎ ወጥቶ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።

እኛ ዘንድ የስደተኛ ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ተሳክቶለት ቤትና መኪና የገዛው ነው፣ ወይ በረሃና ባሕር የበላው። ዲናው የጻፈው ግን መሀል ላይ የቀረውን ነው። ሴፋ እስጢፋኖስ አባቱን የቀይ ሽብር ዘመን ነጥቆት አገር ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፤ ገበያው ግን ቀዝቃዛ ነው። ማታ ኬንያዊው ኬንና ከኮንጎ የመጣው ጆሴፍ ብቅ ይሉና መጠጡ ይቀዳል፣ ጨዋታው ይጀመራል። አንዱ የአንድ አፍሪካዊ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና የመፈንቅለ መንግሥቱን ዓመት ያውቃሉ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ጨዋታው አላልቅ ሲል ግን፣ ሦስቱም የሚጠሩት የገዛ ሕይወታቸውን ያፈረሰውን መሆኑ ገባኝና ሳቄ ቆመ።

ደጋግሜ የማነበው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሰፈሩ እየተለወጠ ነው፤ ጁዲት የምትባል ነጭ ምሁር አጠገቡ ያለውን የፈረሰ ቤት ገዝታ ታድሳለች። ልጇ ናኦሚ ሱቁ ትመጣና ሴፋ «ወንድማማቾቹ ካራማዞቭ»ን ጮክ ብሎ ያነብላታል። ያ ሰው አባት ቢሆን ምን ዓይነት አባት ይሆን እንደነበር የምናየው እዚያ ነው። የሚከተለውን አልናገርም፤ እናንተው ድረሱበት። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረውን አጎቱን ብርሃነንም አትለፉት።

ዘመዱ ውጭ አገር ያለ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ቢያነብ እወዳለሁ። በስልክ «ደህና ነኝ» ከሚለው ቃል ጀርባ ስንት የማይነገር ምሽት እንዳለ ያሳያል፤ ደግሞም ምጽዋት አይለምንም፣ አያለቃቅስም።

አማርኛ ይሻለኛል የሚል ደግሞ ረጅም ዓመታት ካናዳ የኖረውን አዳም ረታን ይያዝ። ይከብዳል እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ፤ አትስሟቸው። በአጫጭሮቹ፣ በ«አለንጋና ምስር» ይጀመርና ወደ «ግራጫ ቃጭሎች» ይታለፋል። ዲናው የደረሱበትን አገር ሲጽፍ፣ አዳም የተዉትን ይጽፋል፤ የመንደሩን ሽታና የማዕዱን ጣዕም ሳይቀር። እኔ ሁለቱን አከታትዬ ነው የማውሰው፣ ዲናውን አስቀድሜ።